ኳሷ የት ደረሰች?

መጀመሪያ ጨዋታ ያስተላለፍኩት ለአንድ ሽማግሌ ነው። መካ፣ ዛሂር በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ የቤት ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት ቤት የባለቤቱ አባት ነበሩ። ስኳር ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። እኔም እንደ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ «ባባ ከቢር» እላቸዋለሁ፤ ትልቁ አባት ማለት ነው።

ባባ ከቢር ቀኑን ሙሉ ዝምተኛ ናቸው። ኳስ ባለበት ምሽት ግን ከአስር ሰላት ጀምሮ እረፍት አይኖራቸውም። ይነሳሉ፣ ግድግዳ እየዳበሱ ወደ ሳሎን ይሄዳሉ፣ ቴሌቪዥኑ መከፈቱን ይጠይቃሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሲጀመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራሉ። ከዚያ ብስጭት ይጀምራል።

የሚያበሳጫቸው ጨዋታ አስተላላፊው ነበር። የአረብኛ አስተላላፊ ግጥም ይገጥማል፣ ይለምናል፣ አላህን ያመሰግናል፣ የተጫዋቹን እናት ይመርቃል፤ ኳሷ የት እንዳለች ግን አይናገርም። ለምን ይናገር? የሚያየው ሰው ያያታል። ባባ ከቢር የወንበሩን ክንድ በመዳፋቸው ይመታሉ። «ፌን አልኩራ?» ይላሉ፤ ኳሷ የት ናት? የሚመልስላቸው የለም። ልጃቸው ሱቅ ነው፣ ሚስቱ ማዳም ስልክ ላይ ናት።

አንድ ምሽት ሻይ ይዤ ስገባ ይህንኑ ጠየቁ። እኔን አልነበረም የጠየቁት፣ አየሩን ነው። እኔ ግን አየሁና «የሚን» አልኩ፤ በቀኝ በኩል። ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። በቀኝ የት? ቅርብ ነው ሩቅ? ቅርብ ነው አልኩ። ለምን ቅርብ? እዚህ ላይ ቃል አጣሁ። አረብኛዬ ያኔ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ድስት፣ ሳሙና፣ ብረት ምጣድ፣ ቶሎ፣ «አለቀ» ለማለት ኸላስ። ግብ በአረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። በእኛ አገር ግብ ጠባቂው በረኛ ስለሆነ «ባብ» አልኩ፤ በር።

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «የማን በር?» አሉኝ። ከዚያ የግብን ስም አስተማሩኝ፣ የማዕዘን ምቱን፣ የመስመሩን፣ የተከላካዩን። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ለኳስ አዲስ አልነበርኩም። ኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት መንገድ ዳር አባቴ ሻይ ቤት ነበረው፤ ቅዳሜና እሑድ የውጭ አገር ጨዋታ ያሳያል። እኔ ብርጭቆ ሳመላልስ ነው ያደግኩት። በዚያ ቤት ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ አፍጥጠው ሲቀመጡ ልጅ ሌላ የሚያየው ምን አለ? ወድጄው አልልም፤ ዓይኔ ግን ለምዶታል። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ ያወቅኩት የብርጭቆ መደርደሪያው ስር ቆሜ ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ወደ ሳሎን አመጣሁ። እየተኮስኩ አወራለሁ፣ ባባ ከቢር ይሰማሉ። ደግሞ ቀላል ሰሚ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ ላሳምር ሞክሬ «ሐልዋ፣ ሐልዋ» ስል፣ ቆንጆ ናት ማለቴ ነው፣ አስቆሙኝ።

«ቆንጆ ናት አትበይኝ» አሉ። «የት እንደሄደች ንገሪኝ። ቁንጅናውን እኔ እጨምርበታለሁ።»

ሌላም ነገር አይወዱም። ከዘገየሁ የተመልካቹ ጩኸት ይቀድመኛል፤ ሰው ጮኸ፣ አንቺ ምን ሆንሽ ብለው ይቆጣሉ። ስለዚህ ከጩኸቱ በፊት መናገር ለመድኩ። አጥቂው እግሩን ሳያነሳ ሊመታ ነው እላለሁ። ካውያው እጄ ላይ መሆኑን እረሳለሁ። በእንዲህ ያለ ምሽት ነው የቤቱን ባለቤት፣ የልጃቸውን፣ የበዓል ጀለቢያ ደረቱ ላይ ያቃጠልኩት። ፍፁም ቅጣት ምት ነበር።

ማዳም ጀለቢያውን አንስታ አየችው። አልጮኸችም። ከዛሬ ጀምሮ ኳስ ሲኖር ወጥ ቤት ነሽ፣ ኸላስ፣ አለች። ሽማግሌው ለልጃቸው ሌላ ይገዛልሃል ቢሉም አልሰማቻቸውም፤ የቤቱን ሥራ የምታስተዳድረው እሷ ናት። በማግስቱም በሳምንቱም ወጥ ቤት ዘግቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። በበሩ ስንጥቅ በኩል የሳቸው ድምፅ ይመጣል፣ ኳሷ የት ናት ይላሉ። አየኋት ማለት አልችልም። ሽንኩርቱን ትቼ ከማብሰያው እስከ ማቀዝቀዣው እመላለሳለሁ፤ እግሬ አልገዛ ይለኛል።

ብዙ ሳይቆይ ታናሽ ልጃቸው ጣይፍ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው። ሲሄዱ ጣራ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ነው የሰማሁት። ስወርድ ሳሎኑ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት አልበቃኝም። ሥራው ያው ሥራ ነው፣ ማዳምም ክፉ አልነበረችም፤ ምሽቱ ግን መጨረሻ አጣ። ብቻዬን ማውራት ጀመርኩ። ድስቱ ወደ ግራ፣ ክዳኑ ወደ መሐል፣ ውሃው ሊፈላ ነው። አንድ ቀን ማዳም በሩ ላይ ቆማ እየሰማችኝ አገኘኋት። ስልክ ላይ ነኝ አልኳት። ስልኬ መደርደሪያው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነበር።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ከፈላዬ፣ የአሠሪ ዋስትናዬ፣ ጅዳ ወዳለ ቤተሰብ ተዛወረ። ይህን አገር ያሳየችኝ ታላቅ እህቴ አልወደደችውም። እሷ ጀርወል፣ ሐረም መስጊድ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፋለች፤ የምታድረው ኩዳይ፣ ከወሎ ሴቶች ጋር በተከራየችው ክፍል ነው። መካን ትቶ የሚሄድ ሰው አይገባትም። «እስቲ ቂጥሽን አሳርፊ» አለችኝ። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለምኖ የሚመጣበትን ቦታ ትተሽ ጅዳ ምን አለሽ?» ከኩዳይ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጅዳ ሄድኩ።

የጅዳዋ ማዳም ጁምዓ ከሰዓት እረፍት ትሰጠኛለች። በከተማው ደቡብ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ጠጠር የበዛበት ሜዳ አለ፤ ሐበሾች ጁምዓ ጁምዓ እዚያ ይጋጠማሉ። ተጫዋቾቹ ሹፌሮች፣ ዘበኞች፣ መኪና አጣቢዎች ናቸው። የወሎዎቹ ቡድን አለ፣ የጎንደሮቹና የአዲስ አበቦቹ አለ፣ የጅማዎቹ አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ጀሪካን ውሃ ይጠጣል። ሴቶች ጥላው ስር ሳምቡሳ ይሸጣሉ፣ ያወራሉ። እኔ ከማንም ጋር አልቀመጥም ነበር፤ የሜዳውን ዳር ይዤ ኳሷን ተከትዬ እመላለሳለሁ።

ማይክሮፎን የሚይዘው አንድ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጨዋታውን በስልክ ላይቭ ያስተላልፋል፤ ከጨዋታው ይልቅ ግን የምግብ ቤቶችን ማስታወቂያ ነው የሚያነበው። አንድ ጁምዓ ጥርሱ አብጦ፣ ጉንጩን በሻርፕ አስሮ መጣ። ማይኩን ለዚህም ለዚያም ቢዘረጋ የሚቀበለው ጠፋ። ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። ማን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ሄጄ ተቀበልኩት። ፀጉር አስተካካዩ ማይኩን ቶሎ አልለቀቀውም፤ በዓይኑ የት ትሄጃለሽ አለኝ። ከዚያ ጥርሱን አመመውና ለቀቀ።

የመጀመሪያው ቃሌ «ኳሷ የሚን!» ሆኖ ወጣ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። በአማርኛ ጨዋታ አስተላልፌ አላውቅማ፤ አፌ የሚያውቀው ባባ ከቢር ያስተማሩኝን ነው። ጆሮዬ ጋለ። ልመልሰው ስል ግን የወሎዎቹ ተከላካይ ኳሷን ነጠቀ፣ እኔም አብሬ ነጠቅኩ። በቀኝ መስመር፣ አንዱን አለፈ፣ ጠጠሩ አደናቀፈው፣ አልወደቀም፣ ሊያሻማ ነው። እስከ እረፍት ድረስ አላቆምኩም። እረፍት ላይ ፀጉር አስተካካዩ ውሃ ይዞልኝ መጣና ባበጠ ጉንጩ ሁለተኛውንም ቀጥዪ አለኝ።

በዚያ ሳምንት የድምፅ መልእክት መጣ፣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ስልክ። እሱ ወደ እኔ አሳለፈው። የላኩት በየሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ነበሩ፤ የጁምዓ እረፍት የሌላቸው፣ ከበር የማይወጡ። አንዷ እንዲህ አለች፦ «ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፣ ማዳመጫው ሒጃቤ ስር ነው። እጄ ዕቃ ላይ ስለሆነ ምስሉን ማየት አልችልም። እስከ ዛሬ ጩኸት ብቻ ነበር የምሰማው። ዛሬ ሜዳውን አየሁት።» ሌላዋ የወሎዎቹ የግራ ተከላካይ የአጎቴ ልጅ ነው፣ እግሩ ድኗል ወይ፣ ከስቷል ወይ ብላ ጠየቀች።

በሚቀጥለው ጁምዓ የግራ ተከላካዩ እግሩ እንደዳነ፣ እንዲያውም እንደወፈረ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው በዛ። የማን ወንድም ተሰለፈ፣ የማን ባል ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፣ ዳኛው ዛሬም ያችን አሮጌ ኮፍያ አድርጓል ወይ። ሁሉንም ከጨዋታው ጋር አስገባዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሩዙን ሳጥብ የሚመጣውን ጁምዓ ማሰብ እጀምራለሁ። መሐል ያሉት ቀናት የማይገፉ ሆኑብኝ።

ወሬው ጀርወል ደረሰ። የእህቴ ባልደረቦች አልጋ ሲያነጥፉ ያዳምጡኛል አሉ። እህቴ አስጠራችኝና ኩዳይ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹ ሴቶች ነበሩ፤ እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ጥፋቴን ዘረዘረችው። ወንድ መሐል ቆሜ እጮኻለሁ። እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች? ደግሞ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው፤ አንድ ሰው ቢጠቁምብኝ ተጠርዤ አገሬ መግባቴ ነው። ይህ የመጨረሻው እውነት ነበር።

«እታለም፣ ኳስ እኮ ነው» አልኳት።

«ኳሱን መች ጠላሁ» አለች። «የጠላሁት ድምፅሽ በየሰዉ ስልክ ሲዞር ነው። ልብስ ቢበተን ይሰበሰባል። ድምፅ ምን ተብሎ ይሰበሰባል?»

ያን ቀን ሳንስማማ ተለያየን። ጁምዓ ሲመጣ ላልሄድ ምዬ ነበር። የማዳምን መስኮቶች በሙሉ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። ጨዋታው ሊጀመር ሲቃረብ ጨርቁን ጥዬ ወጣሁ። ማይኩን ስይዝ ግን ዓይኔ ከኳሷ ይልቅ በሜዳው መግቢያ የሚቆሙትን መኪኖች ይጠብቃል። ፖሊስ ይሆናል ብዬ የሚያስፈራኝ ነጭ መኪና ሁሉ ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ነጭ ያልሆነ መኪና የለም።

በዚህ መሐል ነው ከአገር ቤት የተደወለልኝ። ደዋዩ የአንድ የሳተላይት ቴሌቪዥን የስፖርት ክፍል ኃላፊ ነበር። ጅዳ ላይ የሚደረጉ የሴቶች ጨዋታዎችን ምስል ሊያሳዩ ነው፣ የሴት ድምፅ ይፈልጋሉ፣ ላይቩን ሰምቷል። እንደ ሙከራ አንዱን ጨዋታ አስተላልፊልን አለኝ። ምስሉ በስልኬ ይመጣል፣ ድምፄ በስልኬ ይሄዳል። ጨዋታው የሚደረገው እኔ ያለሁበት ከተማ ውስጥ ነው፣ የማስተላልፈው ግን ተዘግቼ ነው። ፀጥ ያለው ክፍል የልብስ ማጠቢያው ብቻ ነበር። ማዳምን ጠየቅኳት። ፊትሽ ይታያል ወይ አለች። ድምፅ ብቻ ነው አልኳት። እራት ቀድሞ ይቅረብ አለች።

ከማሽኑና ከግድግዳው መሐል ቆምኩና ጀመርኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንዲት ኳስ አላመለጠችኝም፤ የእጅ ውርወራውን፣ የዳኛዋን ፊሽካ፣ የሁሉንም እርምጃ ተናገርኩ። እረፍት ላይ ከኃላፊው መልእክት መጣ። «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ሰው ታደክሚያለሽ» ይላል። «ተመልካቹ ዓይን አለው። የሚያየውን አትንገሪው። አንዳንዴ ዝም በይ።»

ዝም በይ የተባለ ሰው ምን ያህል ዝም እንደሚል ማን ነገረኝ? ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ልናገር ስል ይህንንስ ያዩታል እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ኳሷ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ ትላለች፣ እኔ እንደ ማሽኑ ዝም። ለካ ተመልካቹ ድምፅ ተቋረጠ ብሎ ወደ ጣቢያው እየደወለ ኖሯል። ጨዋታው ሲያልቅ ኃላፊው አመሰገነኝ። ደውለን እናሳውቅሻለን አለ። የዚህን ቃል ትርጉም ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

አልደወሉም። ያንን ሰሞን ሳስታውሰው ቁጭ ያልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ጁምዓ ሜዳ ላይም ጣዕሙ ጠፋ። አንድ ነገር ስናገር ይሄ አስፈላጊ ነው ወይ እላለሁ፣ እደናቀፋለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ ምን ነካሽ ይለኛል። ሁለት ጁምዓ ቀረሁ። በሁለተኛው፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ወጥቼ የኩዳይ አውቶቡስ ላይ ራሴን አገኘሁት።

እህቴ ከሥራ ወጥታ ብቻዋን ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ አዋጥተው ያመጧት ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ እህቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የሴቶች ኳስ ታያለች። በዓይኔ ያየሁትን አላመንኩም። ሰላም ብላኝ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ለምን ታያለሽ ብላት፣ «እህቴን ምን እንደወሰዳት ልወቅ ብዬ ነዋ» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

አጠገቧ ቆሜ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። በግራ መስመር፣ ወደ መሐል፣ ልታቀብል ነው።

«እስቲ ተዪኝ» አለች። «ልጅቷን እያየሁ ነው። አንቺ ስታወሪ ትጠፋብኛለች።»

«የቷ ልጅ?»

«ያቺ ከኋላ ያለችው፣ ረጅሟ። ቅድም ተሳስታ ገባባቸው። ከዚያ ወዲህ እጇን እያሻሸች ነው፤ ኳሷ ወደሷ ስትመጣ ትሸሻለች።»

አየሁ። እውነትም ተከላካይዋ መዳፏን ቁምጣዋ ላይ ታሻሻለች። ኳሷ ከሌላው ጫፍ ሆና እንኳ ታሻሻለች። እኔ አላየኋትም ነበር፤ ዓይኔ ከኳሷ ጋር ሲሮጥ ነው የኖረው። ኳሷ የት እንዳለች ለሚያውቅ ሰው ምን መንገር እንዳለብኝ ያኔ ትንሽ ገባኝ። ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ልጅቷ ማን ናት፣ ስንት ጊዜ ተጫውታለች፣ አሰልጣኟ ትቆጣት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን መለስኩ፣ የማላውቀውን በስልኬ ፈልጌ ነገርኳት። መልሼ ዝም ስል ዝም ትላለች። በመጨረሻ ያቺ ልጅ አንድ ኳስ በደረቷ አቁማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አቀበለች። እህቴ «አብሽሪ የኔ እህት» አለቻት ለቴሌቪዥኑ። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ቀጥሎ የመጣውን ጨዋታ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ለብቻዬ፣ ማንም ሳያዘኝ አስተላልፌ፣ ድምፄን በስልኬ ቀድቼ ለኃላፊው ላክሁ። ቆይቶ መለሰ። እኛ ጋ ቦታ የለም፤ ግን ጅዳ ውስጥ ለነዋሪው በየቋንቋው የጨዋታ ድምፅ የሚያዘጋጅ ድርጅት አለ፣ ምስሉንም ድምፁንም ከእነሱ እንገዛለን፣ ስምሽን ሰጥቻለሁ አለኝ። ድርጅቱ ጠራኝ፣ ፈተነኝ። ወስደንሻል፣ ግን ኢቃማሽ ወደኛ መዛወር አለበት አሉኝ።

እንግዲህ ማዳም ካልለቀቀች የለም። ልነግራት አሰብኩና ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ዞርኩ። በመጨረሻ አትክልት ስታጠጣ ነገርኳት። ቱቦውን እንደያዘች ውሃው አበባውን አልፎ ሴራሚኩ ላይ ፈሰሰ። እኔ ሄጄ ማነው የሚረዳት? ልጆቿን ማን ያውቃቸዋል? ይህን ሁሉ ጠየቀች፣ ልክ ነበረች። ከዚያ ድምፅ ብቻ ብለሽኝ ነበር አለች። ድምፅ ብቻ ነው፣ ግን ድምፁ ኢቃማ ይፈልጋል አልኳት። ፈገግ ማለቷን አየሁ፤ ልታሳየኝ አልፈለገችም። ምትክሽ ስትመጣ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ በፊት የለም፣ አለች።

ምትኬ ዘገየች። ቪዛ ወጣ ተባለ፣ አልወጣም ተባለ። ድርጅቱ በየጊዜው ይደውላል፣ ሌላ ሰው ልንወስድ ነው ይላል። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር እሮጣለሁ፤ ጋዝ አምጪው ነው፣ ልብስ አድራሹ ነው። የዱሮ ሻንጣዬን አወጣሁና ሞላሁት፣ አፍሬ መልሼ ባዶ አደረግኩት። ጁምዓ ሜዳ መሄዱንም አቆምኩ፤ አሁን ብያዝ ሁሉም ነገር ይበላሻል ብዬ። ፀጉር አስተካካዩ ተቆጣኝ። «ማይኩን ለአንዲት የጅማ ልጅ ሰጠሁ፣ ካንቺ የባሰች ለፍላፊ ናት» አለኝ። ቅናት ቢጤ ሸነቆጠኝ፣ ደስም አለኝ።

ምትኬ በመጨረሻ መጣች። ወጥ ቤቱን አሳየኋት፣ የልጆቹን ፀባይ ነገርኳት፣ ማዳም ስትቆጣ ዝም ማለት እንደሚሻል መከርኳት። የቤቱ ባለቤት ዝውውሩን በስልኩ አጸደቀ። ስወጣ ማዳም አዲስ ዓባያ ሰጠችኝ። ስቱዲዮ ስትገቢ ልበሺው፣ ማንም ባያይሽም፣ አለች።

ስቱዲዮው ስሙ ነው እንጂ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አይሰፋም። ግድግዳው ስፖንጅ ነው። የቴክኒክ ሠራተኛው ሱዳናዊ ነበር፤ ገና ስንሞክር አስቆመኝና ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፣ አትንቀሳቀሺ አለኝ። አልንቀሳቀስም ብዬ ቃል ገባሁ። ደግመን ሞከርን፣ ደግሞ ሲጢጥ አለ። ሰውየው ምንም ሳይናገር ገብቶ ወንበሩን አወጣው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆሜ ነው የምሠራው፤ በአንድ እግር፣ በሌላው እግር፣ ግድግዳውን እየተደገፍኩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጭር ያለ ነበር። ብዙ አልተናገርኩም። ማን ከማን ከተማ እንደመጣች፣ የትኛዋ ከጉዳት እንደተመለሰች አልኩ። አንዷ ከሩቅ መትታ ስታገባ ስሟን ጠራሁና ተውኩት። የተመልካቹ ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። ልናገር ልናገር ይለኛል፤ የስፖንጁን ግድግዳ በጥፍሬ ይዤ ቆየሁ። ሱዳናዊው ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ስርጭቱ አገር ቤት እንደሚታይ ለእናቴ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ኮምቦልቻ ጎረቤቶቹን ሰብስባ ጠብቃለች። ከስቱዲዮው ወጥቼ መንገድ ላይ እየተራመድኩ ደወልኩላት።

«እማ፣ አያችሁ?»

«አይተን ነበር እንጂ» አለች፣ ቅር ብሏት። «ስትወጪ እናይሻለን ብለን ሰዉን ሰብስቤ፣ እነዚያ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ውለው አለቀ። አንቺን ሳያሳዩሽ ዘጉት።»

«እማ፣ እኔ አልታይም እኮ። ስትናገር የነበረችው እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ የጎረቤቶቹ ድምፅ ይሰማል።

«ያቺ የአዲስ አበባዋ?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ወላሂ በይ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔማ ይቺ ሴትዮ ምናለ ዝም ብትል፣ ልጄ ስትናገር እንዳልሰማ ጋረደችኝ እያልኩ ስረግማት ነው ያመሸሁት።»

መንገዱ ላይ ቆሜ ሳቅኩ፣ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። እሷም ሳቀች፣ አዉፍ በይኝ፣ አዉፍ በይኝ እያለች። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እውነትም ስቱዲዮ ስገባ አነጋገሬን ቀይሬ፣ የተማረች ለመምሰል ቃሉን ሁሉ አጥብቄ ነበር የተናገርኩት። እናቴ ያላወቀችው ድምፅ የማን ነው? ፀጉር አስተካካዩ ባለበት፣ በጠጠሩ ሜዳ፣ እንዲህ አልናገርም ነበር።

ደግሞ መቼ ነው አለችኝ። ሐሙስ አልኳት። እንግዲያው ጎረቤቶቹን ደግሜ እጠራለሁ፤ ብቻ ስትጀምሪ እኔ ነኝ በይ፣ እንድናውቅሽ፣ አለች። እንዲያ አይባልም አልኳት። ለምን አይባልም አለች። የምሳፈርበት አውቶቡስ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ቦታ ነበረው፣ ግን መቀመጥ አላሰኘኝም። አሳለፍኩትና ከእናቴ ጋር እያወራሁ በእግሬ ቀጠልኩ።